በእኔ ጆንያ ምክንያት የሰው ጋራዥ ላሸጉልኝ ክቡር ኃላፊ

ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮቤ

ለተከበሩ የጥገና ቤቶች ፈቃድና ቁጥጥር ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ ከዚያም የማኅተምዎ ጤና እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም የቢሮዎን ደረጃ ሰባት ጊዜ ከመውጣት የመጣ እንጂ የዕድሜ አይደለም። የሲናና ስንዴ ተወቅቶ እየገባ ነው። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጨክኗል፤ እርስዎም ኮትዎን ቢሮ ውስጥ እንኳ እንደማያወልቁ አይቼ ስለ ጤናዎ ተጨንቄያለሁ።

ስሜ ለታ ዳቢሴ ይባላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባም የሳነቴን ብርዳማ አምባ አቋርጬ ደሎ መና ድረስ በከባድ መኪና ጭነት ሳመላልስ የኖርኩ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ ሚስቴንም ቀብሬ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢም አብቅዬ ነው፤ ስለዚህ መስመሬ ቢጣመም ይታገሡኝ። ከቢሮዎ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ «ጋሼ ለታ፣ ይስጡኝ እኔ ላሳምርልዎት» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ውሸቱን በገዛ እጄ ስለጻፍኩት እውነቱንም ያው እጅ ይጻፈው ብዬ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ቆመው ለሚያነቡት ወገኖቼ ሲባል ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። እርስዎ የሚያውቁት መስሎዎት ከሆነም አብረው ያንብቡ፤ እንዳላወቁት ነው የገባኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጄ ከኪያ ነው። ኪያ አዳማ ነው የምትሠራው። እናቷ ካረፈች ወዲህ በየሳምንቱ ጎባ መቃብሯ ድረስ በሚኒባስ ተጋፍቼ መሄዴ አንጀቷን በላትና፣ መስከረም ላይ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና አምጥታ ቁልፏን እጄ ላይ አስቀመጠች። ሞተሯ የሠርግ ድስት አታህልም፤ ነገር ግን ተርቦ አላት። ተርቦ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክራት፣ ስትሽከረከርም አየር ጨምቃ መልሳ ለሞተሩ የምታጎርስ ትንሽ መዘውር ናት። መኪናዋ አንዴ ከሮጠች ማን ይችላታል! ከቆመችበት ስትነሳ ግን፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ አትስብም። ነዳጅ ሲረግጡላት ታስባለች። እንደ ቢሮ ሰው ታስባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ወይ ትነሳለች ወይ ትጠፋለች።

ኅዳር አጋማሽ ገደማ ወደ ፈርዶሳ ጋራዥ ወሰድኳት። ፈርዶሳ የጎረቤቴ የዙቤዳ ልጅ ናት፤ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ ወደ ሲናና መውጫ ላይ ጋራዥ ከከፈተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የዙቤዳን ደግነት የኪያ እናት ሁለት ዓመት ታማ በተኛች ጊዜ አይቻለሁ፤ በየጠዋቱ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ በራችንን የምታንኳኳው እሷ ነበረች። እንግዲህ የማን ልጅ እንደሆነች እያወቅሁ ነው የሄድኩት። ሆኖም ሴት መካኒክ ስታዘኝ ደስ አይለኝም። ይህን መሸሸግ አልፈልግም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ደስ አለማለት የወጣ ነው።

ፈርዶሳ ኮፈኑን ከፈተች፣ የሞተሩን ድምፅ ሰማች። ከዚያ ጎኔ ተቀምጣ ዳገቱን አስነዳችኝ። እኔ እንደለመድኩት በሦስተኛ ማርሽ ቀስ አድርጌ፣ ሞተሩን ሳላስጮህ፣ ነዳጅ እየቆጠብኩ ወጣሁ፤ ማለቴ ልወጣ ሞከርኩ። «አባ ኪያ» አለችኝ፣ በኪያ አባትነቴ ነው የምትጠራኝ፣ «ይህቺ የጭነት መኪና አይደለችም። ትንሽ ትጩህ፣ ይተዋት። ሁለተኛ ያስገቡላት። ተርቦዋ ጭስ ካልጎረሰች አትዞርም፤ የእኛ አገር አየር ደግሞ ስስ ነው፣ ከቆላው ይልቅ ይርባታል።» እኔም «አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ሳነቴን ያቋረጥኩት» አልኳት። አልተቆጣችም። «እሱማ እውነት ነው፤ ከደሎ መና ያመጡልንን ማንጎ በልቼ ነው ያደግኩት» ብላ ሳቀች።

ተመልሰን ሠራችልኝ። ከተርቦዋ ወደ ሞተሩ አየር የሚያሻግረው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አየሩ በመንገድ ያመልጥ ነበር፤ ለወጠችው፣ ማሰሪያውንም አጠበቀችው። የአየር ማጣሪያውን አውጥታ የሲናናን አቧራ ግማሽ ጣሳ አራገፈችበት። በመጨረሻ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ዞረችና ጆንያዬን አየች።

ስለ ጆንያው ልንገርዎ። በእኛ ዘመን ሳነቴን ጎህ ሲቀድ የሚያቋርጥ ሹፌር ሁሉ የራዲያተሩን ፊት በጆንያ ወይም በካርቶን ይሸፍን ነበር፤ ካልሸፈነ ሞተሩ አይሞቅለትም፣ ብርዱ ያንቀዋል። ይህን የማያደርግ ሹፌር አይባልም ነበር። የእኔን የሰፋችው የኪያ እናት ናት፤ ከማዳበሪያ ጆንያ፣ ውስጡን ብርድ ልብስ አልብሳ፣ በወስፌ ጠቅጥቃ፣ በአራት ማሰሪያ። መኪናው ቢሸጥም ጆንያው ቤት ቀርቶ ነበር። ለትንሿ መኪና ለሁለት አጥፌ አሠርኩላት፤ ልክ ሆነ።

ፈርዶሳ አራቱን ማሰሪያ ቀስ ብላ ፈታች። ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ትንሽ ራዲያተር የምትመስል ነገር አሳየችኝና፣ ተርቦዋ የጨመቀችው አየር ስለሚግል በዚህች በኩል አልፎ በርዶ ካልገባ ሞተሩ ጉልበት እንደማያገኝ ነገረችኝ። «የድሮው መኪናዎ የሚያስፈልገው ሙቀት ነበር፣ ይህቺ የሚያስፈልጋት ብርድ ነው አባ ኪያ። እስትንፋሷን ሸፍነውባታል።» ጆንያውን እንደ ነጠላ አጥፋ የኋላ ወንበር ላይ አኖረችው። እኔ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ፣ የመጀመሪያውን ማዕዘን እንደታጠፍኩ ወርጄ ጆንያውን መልሼ አሠርኩት።

በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ በማግስቱ ግን የጎባ ገበያ ነበር። ገበያው መሐል ዳገት ላይ ቆምኩ፣ ልነሳ አልኩ፣ መኪናዋ ጠፋች። ደግሜ አስነሳሁ፣ ጠፋች። ጋሪዎች አለፉኝ። እህል የጫኑ አህዮች አለፉኝ። ሻፊ የሚባለው የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ፈረስ ላምጣልዎት ወይስ ራስዎ ይጎትቷታል?» ሲለኝ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። በሳነቴ ጭጋግ ውስጥ መንገዱን በጠረኑ የማውቅ ሰው፣ በባጃጅ ሹፌር ተሳቀብኝ።

ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። «ፈርዶሳ የተባለችው መካኒክ የመኪናዬን ተርቦ ፈትታ ወስዳ በአሮጌ ለውጣብኛለች» ብዬ ጻፍኩ። ክቡር ኃላፊ፣ ተርቦ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ዛሬም ብታሳዩኝ ከሌላው ብረት አልለየውም። ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ደብዳቤውን ለእርስዎ አስገባሁ።

እነሆ ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር ያለው ማመልከቻ ቶሎ ይነበባል ብለውኛልና።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ቦይ ክዳን ይደረግለት ብዬ እርስዎ ባሉበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ አመልክቼ እነሆ አራተኛ ክረምቴን እየጠበቅሁ ነው፤ ሁለት የጋሪ ፈረስ እግራቸው ተሰብሮበታል። ስለ ሰው ክፉ የጻፍኩት አንድ ገጽ ግን ሰኞ ገብቶ ረቡዕ ጋራዡ ታሸገ። እኔ የሮቤ መሥሪያ ቤት ከቆመበት አይስብም የምል ሰው ነበርኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለካ እናንተም ተርቦ አላችሁ፣ ጭስ እስኪያጎርሷችሁ ነው የምትጠብቁት። እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም ይባላል፤ የእኔ ወረቀት እሳት አልነበረበትም፣ ጭስ ብቻ ነበር፣ በሁለት ቀን ግን ምን የመሰለ ጉልበት ሰጣችሁ! ገለቶማ! በኦሮምኛም በአማርኛም አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ጨዋነትዎ። የላኳቸው ሁለት ባለሙያዎች የመኪናዬን ኮፈን እንድከፍት ሳይጠይቁኝ፣ እጃቸውን ዘይት ሳይነካው፣ መኪናዋ ደጄ ላይ ቆማ እያዩዋት አልፈው ሄደው ጋራዡን አሽገዋል። የሽማግሌን ቃል እንዲህ ማክበር ከየት ይገኛል? ከፍተው ቢያዩ ኖሮ ተርቦዋ ከእነ ፋብሪካ ቁጥሯ በቦታዋ እንዳለች ያዩ ነበር፤ እኔንም ይታዘቡኝ ነበር። ክብሬን ጠብቀውልኛል። የገበሬው የአሊዪ ትራክተርም ለጥገና እንደገባ አብሮ ታሽጎ፣ ሰውየው ዘንድሮ ስንዴውን በሰው ትራክተር አስጎትቶ ነው ያስገባው። እሱም ያመሰግንዎታል፤ የተናገረውን ቃል በቃል ግን ልጽፈው አልችልም፣ ሴቶችም ያነቡታል።

፫ኛ. ስለ ምስጋና ወረቀቱ። ኅዳር 29 ቀን በአዳራሹ ስብሰባ ስሜ ተጠርቶ፣ ከረባት አድርጌ፣ «ሕገ ወጥ አሠራርን በማጋለጥ ሞዴል ጥቆማ ሰጪ» የሚል ወረቀት ከእጅዎ ተቀብያለሁ። ሰው አጨበጨበ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ዙቤዳ ተቀምጣ ነበር። እሷም አጨበጨበች፤ ለምን እንደሚጨበጨብ ሳይነገራት ይሆን፣ ተነግሯት ይሆን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ያስገባሁበትን የፎቶግራፍ ፍሬም ግን አስቀርቻለሁ፤ እሱ የራሴ ነው።

፬ኛ. ስለ ትዕግሥትዎ። ታኅሣሥ 8 ቀን ቃሌን ላነሳ፣ ዋሽቻለሁ ልል መጣሁ። የመጀመሪያ ቀን ፋይሉ የለም ተባልኩ። በሁለተኛው «ማን አስፈራራዎት?» ተባልኩ፤ ማንም አላስፈራራኝም፣ ኅሊናዬ ነው ብል ጸሐፊዋ ኅሊና የሚባል ሰው የት ቀበሌ እንዳለ በሚጠይቅ ዓይን አየችኝ። በሦስተኛው ስብሰባ ነበር። በአራተኛው ገና ደርሶ ሁሉም አገሩ ሄዷል። በአምስተኛው ኔትወርክ የለም። በስድስተኛው፣ ለማሸግ አንድ ፊርማ እንደሚበቃ፣ ለመክፈት ግን አምስት ፊርማና የቴክኒክ ኮሚቴ እንደሚያስፈልግ፣ ኮሚቴው ደግሞ ገና እንዳልተሰየመ በአክብሮት ተነገረኝ። በሰባተኛው እርስዎ ራስዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ፣ አገኙኝና «አባባ፣ እርስዎ ሞዴል ጥቆማ ሰጪ ነዎት፣ በስተርጅና ራስዎን አያዋርዱ» ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ። ደረጃውን ስወርድ ማሰብ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሸቴን ያለ ምስክር ተቀበላችሁት፣ እውነቴ ኮሚቴ ተጠየቀበት።

፭ኛ. ይህኛው የእርስዎ አይደለም። የእርስዎ ይመስል ነበር፣ ጽፌው ሰረዝኩት፣ እንደገና ጻፍኩት። የእኔ ነው።

ጋራዡ ረቡዕ ታሸገ። ዓርብ፣ ኅዳር 19፣ ወደ ጎባ መቃብር ስሄድ መኪናዋ ዳገቱን እንደ በቅሎ ወጣችው። በአንደኛ ተነሳች፣ በሁለተኛ ዘለለች። ክቡር ኃላፊ፣ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? «ማኅተሙ መኪናዋን እንኳ አስደነገጠ!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መንግሥት እንዴት ያለ ኃይል እንዳለው እያደነቅሁ ሄድኩ። ወርጄ ስዞር የመኪናዋ አፍንጫ ባዶ ነበር። ማሰሪያው ተበጥሶ ጆንያው መንገድ ላይ ወድቋል።

ያን ቀን መቃብሩ ጋ አልገባሁም። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። የኪያ እናት ዝም ስል ምን እንዳጠፋሁ ታውቅ ነበር።

እንግዲህ ጨዋ ሰው ቢሆን በቀጥታ ወደ እርስዎ ይነዳ ነበር። እኔ መንገዱን በዝግታ እያየሁ ተመለስኩ፤ ጆንያውን ከአንድ የስንዴ ማሳ ዳር አገኘሁት፣ አራገፍኩት፣ የተበጠሰውን ማሰሪያ በሲባጎ ቀጠልኩና መልሼ አሠርኩት። አዎ፣ አሠርኩት። መኪናዋ ስትስብ ሰው ካየ «ተርቦው ተሰረቀ ያልከው ውሸት ነው» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን የገዛ መኪናዬን ሆን ብዬ አንካሳ አድርጌ ነዳሁ። በየዳገቱ ስትጠፋብኝ ጮክ ብዬ፣ ሰው እንዲሰማኝ፣ «ይኸው እንግዲህ፣ ተርቦዬን በልታው!» እል ነበር። ከአዳራሹ ወረቀት ይዤ ስወጣም ጆንያው ታስሮ ነበር፤ በር ላይ ጠፋችብኝ፣ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ገፉኝ። ከልባቸው አዘኑልኝ።

ታኅሣሥ 7 ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያው ሰፈራችን፣ የዙቤዳ ደጃፍ ላይ ያለው ዳገት ላይ ጠፋችብኝ። ወርጄ ለመግፋት ጉልበት የለኝም፣ ለመጥራትም ፊት የለኝም፣ ተቀምጬ ቀረሁ። ፈርዶሳ ወጣች። ከታሸገባት ሃያ ቀን ሆኗት ነበር፤ እጇ ንጹሕ ነበር፣ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ ሰላምታ ሰጠችኝ። «አከም ጅርቱ አባ ኪያ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት?» አለችኝ። ከዚያ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ሄደች። ሦስቱን ማሰሪያ ፈታች። አራተኛው፣ በሲባጎ የቀጠልኩት፣ አስቸገራት፤ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ፈታችው። ቀና ስትል ቋጠሮውን አየችው፣ አዲስ እንደሆነ፣ ማን እንደቋጠረው፣ ለምን እንደቋጠረው ገባት። ፊቷ ላይ አየሁት። ጆንያውን እንደ መጀመሪያው ቀን አጥፋ የኋላ ወንበር ላይ አኖረችው። «አሁን በአንደኛ ይሞክሩት፣ ትጩህ፣ አይፍሩ» አለችኝ።

መኪናዋ ወጣች። ሰፈርተኛው ሁሉ አየ። ብትሰድበኝ እችለው ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም፣ ያሳደገኝ መናኸሪያ ነው። እሷ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች።

በማግስቱ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። እሷ ዘንድ የሄድኩትም ያን ለት ማታ ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ከእርስዎ ደረጃ ይልቅ የእሷ ደጃፍ ከበደኝ። ዋሽቼብሻለሁ አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ብላት «ያሸጉ ለት ወረቀቱን አስነበቡኝ፤ ፊደልዎን አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኜ የማንጎውን ሣጥን ‘ለዙቤዳ ቤት’ ብለው ይጽፉበት ነበር» አለችኝ። ዙቤዳ ጓዳ ነበረች። አልወጣችም። ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልወጣችልኝም፤ ፔርሙሷ ግን መስኮቱ ላይ ይታየኛል።

ለኪያ ደውዬ ነገርኳት። «አባዬ፣ መኪናዋን እሸጣታለሁ ብልህ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ምንም አልል አልኳት። «እንግዲያውስ አልሸጣትም፤ እየነዳህ አስታውስ» አለችኝ። የእናቷ ልጅ ናት።

ክቡር ኃላፊ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የጋራዡ ቦታ ባለቤት ቤቱ ተዘግቶ ከሚቀር ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው፤ ለፈርዶሳ እስከ ጥር 30 ቀን ጊዜ ሰጥቷታል። ዛሬ አሥር ቀን ቀርቷል። እስከዚያ ካልተከፈተ ሻሸመኔ የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥራ ልትሠራ ተነጋግራለች፤ ሻንጣዋን በዓይኔ አይቻለሁ። እናቷ ብቻዋን ትቀራለች። ብቻ መቅረት ምን እንደሆነ ከሮቤ ሰው ሁሉ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ በዙቤዳ ላይ ያመጣሁባት ይህንን ነው፣ የእኔን ሚስት ሁለት ዓመት አጥሚት ባጠጣች።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ይህ ነው። ማኅተሙን ከጥር 30 በፊት ያንሱ። ሐሰተኛ ጥቆማ የሚያስቀጣ ከሆነ እኔን ይቅጡ፤ አድራሻዬን ያውቁታል፣ ወረቀት ሊሰጡኝ ሲፈልጉ በአንድ ቀን ነው ያገኙኝ። ያጨበጨቡልኝንም ሰዎች በዚያው አዳራሽ ይጥሩልኝና ማይክራፎኑን ለሁለት ደቂቃ ይስጡኝ። ከረባቴን አድርጌ እመጣለሁ። አዳራሹ ካልተመቸም ግድ የለም፣ ይህንኑ ደብዳቤ በየገበያው እያነበብኩ እዞራለሁ፤ ዓይኔ ደክሟል እንጂ ድምፄ የሹፌር ድምፅ ነው።

የቴክኒክ ኮሚቴው መሰየሙ ካልቀረም ሥራውን ላቅልልለት። ትንሽ ባለ ተርቦ መኪና ከቆመችበት አልስብ ስትል አራት ነገር ይታያል፤ የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ እንደሆነ፣ የአየር ቱቦው ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ማቀዝቀዣዋ ተሸፍኖ እንደሆነ፣ እና ሹፌሩ ማርሽ መቀነስ የሚያፍር ሽማግሌ እንደሆነ። ይህን ሁሉ ፈርዶሳ በአንድ ጠዋት ነግራኛለች። የአራተኛውን ጥገና ግን የጀመርኩት ገና አሁን ነው።

ለማሸግ የፈጠነ እጅዎ ለመክፈትም እንዲፈጥን፣ አምስቱም ፊርማዎች በአንድ ቀን በአንድ ፎቅ ላይ እንዲገናኙ፣ ደረጃዎም ለሌሎች ሽማግሌዎች ጉልበት እንዲራራ እየጸለይኩ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ በጎረቤቶቼ ፊት ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ሞዴል ጥቆማ ሰጪዎ፣
የዛሬ ሐሰተኛ መስካሪ፣
ለታ ዳቢሴ (የኪያ አባት)
በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ

ግልባጭ፦
— ለፈርዶሳ፤ ከሁሉ በፊት እሷ አንብባዋለች
— ለዙቤዳ፤ በበሩ ሥር ተሰዷል
— ለመናኸሪያው ግድግዳ
— ለጎባ ገበያ ባጃጅ ተራ፣ ለሻፊ፤ በል ሳቅ፣ አሁን ይገባሃል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዙቤዳ ግቢ ውስጥ አንድ ነጭ የመሥሪያ ቤት መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ አይቻለሁ። ሹፌሩ «ኃላፊው እንዳይሰሙ» ይላል ብዬ ስጠብቅ «ኃላፊው ናቸው የላኩኝ፤ ዳገት ላይ አልነሳ እያለች አዋርዳቸዋለች» አለ። የፈርዶሳ መፍቻዎች እርስዎ ባሸጉት በር ውስጥ ስላሉ ከጎረቤት በተዋሰችው መፍቻ ሠርታ ላከችልዎ። «ምነው ልጄ፣ በርሽን ላሸገ ሰው?» ብላት «መኪናው ምን አጠፋ፣ አባ ኪያ?» አለችኝ። ታሽጎባት ሠራች ብለው ሊከሷት ካሰቡ ምስክሩ የራስዎ መኪና ነው። ይህን ከመጻፌ በፊት አስፈቅጃታለሁ፤ የፊተኛውን ስጽፍ አላስፈቀድኳትም ነበርና። «ይጻፉት፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ግን ይተዉላቸው» አለችኝ። እኔም ትቼዋለሁ፤ እስከ ጥር 30 ቀን።